ወፏ ምን በላች? ፎቶግራፍ ለምስክርነት ሲቀርብ

ባለፈው በጋ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በወረድንበት አንድ ቅዳሜ፣ በሐይቁ ዳር ተቀምጠው መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ አገኘን። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ተጠያይቀን ስናበቃ ወደ ዓሣው ወሬ ገባን። አዛውንቱ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣

«ዓሣ የታለና መምህር! እነዚያ ጨረሱት እኮ» ብለው በአገጫቸው ወደ ውኃው አመለከቱን።

ያመለከቱት ነጫጭ ፔሊካኖች በረድፍ ሆነው ወደሚዋኙበት ነበር። ትንሽ እልፍ ብሎም ጥቋቁር ጠላቂ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ወፎቹ ጨረሱት ነው የሚሉን አባባ?»

«ታዲያ ማን ይጨርሰው? እኔ ሌሊቱን ሙሉ ለፍቼ የማገኘውን እሱ በአንድ ጉርሻ ያደርገዋል።»

ይህን ጊዜ አብሮን የነበረ የአሥረኛ ክፍል ተማሪያችን ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየን። ከቴሌግራም ያገኘው ነው። አንድ ፔሊካን ከመንቁሩ ጫፍ የዓሣ ጅራት ብቅ ብሎ ይታያል። «ይኸው ማስረጃው» አለ ልጁ። አዛውንቱም ሥዕሉን ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ተመለከቱና «አላልኳችሁም?» አሉ።

እኛ ግን መልስ አጠረን። በእርግጥ ያ ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው? ማስረጃስ ከሆነ የምን ማስረጃ ነው? ዓሣው የት ተያዘ? መቼ? የምን ዓይነት ዓሣ ነው? ወፏ ራሷ አጠመደችው ወይስ ሰው የጣለውን ለቀመች? ወደ ጎንደር በምንመለስበት መኪና ውስጥ ይህ ጥያቄ አልለቅ አለን። ቤት ገብተንም መጽሐፍ አገላብጠን፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቀን ያገኘነውን ነው ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜ አንድ ነገር እንበል። የጣና ዳር ሰው ሐይቁን «ባሕር» ነው የሚለው፤ የባሕር ዳር ከተማም ስም ይህንኑ ይመሰክራል። በመሆኑም የባሕር ወፍ ሲባል አንባቢ ወደ ቀይ ባሕር ብቻ እንዳያይ። ሲጋል የሚባሉት፣ ጀርባቸው የጠቆረ ሆዳቸው የነጣ የባሕር ወፎች በየዓመቱ ከሰሜን አውሮፓ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ይወርዳሉ። በፊንላንድ ሣተላይት የሚከታተለው መሣሪያ የታሰረባቸው ሲጋሎች እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ መጓዛቸው ታውቋል። በጣናም ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ገደማ እንግዶቹ ይታያሉ። ሌሎችም አሉ፤ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጃጅም እግሮች በአሥር ሺዎች ሆነው መጥተው ከአዝመራ በኋላ በየማሳው የቀረውን እህል ይለቅማሉ።

የፈረንጆች ክረምት የእኛ በጋ መሆኑንም አንዘንጋ። እነርሱ አገር በረዶ ሲጥል እኛ ዘንድ ጤፍ ይወቃል። ስለዚህ ሊቃውንቱ «ወፎች በክረምት ምን ይበላሉ?» ብለው ሲጠይቁ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ እየጠየቁ ነው ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ ደግሞ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የባሕር ወፍ በመራቢያዋ ወራት ዓሣ በመንቁሯ ይዛ ወደ ጎጆዋ ስለምትመላለስ፣ ተመራማሪው ከጎጆው አጠገብ ተቀምጦ ምን እንደያዘች ማየት ይችላል። ጫጩቶቿን አሳድጋ ከተለያየች በኋላ ግን ጎጆ የላት፣ መመለሻ የላት፤ በሰፊው ውኃ ላይ ትበተናለች። የምትበላውንም ብዙውን ጊዜ እዚያው ውኃ ውስጥ ትውጠዋለች። ወፎች በረሃብ የሚያልቁበት ጊዜ ይኸው የክረምት ወራት ሆኖ ሳለ፣ ስለዚሁ ጊዜ ያለው ዕውቀት ከሁሉም የሳሳ ነው።

ድሮ የነበረው ዘዴ ጨካኝ ነበር። ወፏን በጥይት መትቶ ሆዷን መክፈት ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኙት ዘዴዎች የተሻሉ ናቸው። አንዳንድ ወፎች ያልፈጨላቸውን አጥንት ጠቅልለው ስለሚተፉት ያንን ለቅሞ መመርመር ይቻላል። የዓሣ ጆሮ ውስጥ እንደ ጠጠር ያለች ትንሽ አጥንት አለች፤ ቅርጿ እንደ ዓሣው ዘር ስለሚለያይ አዋቂ ሰው እሷን ብቻ አይቶ የዓሣውን ዓይነትና ግምታዊ መጠን ይናገራል። የላባን ንጥረ ነገር በመመርመር ወፏ ከምን ዓይነት ምግብ ስትኖር እንደከረመች ይታወቃል። ከኩሷም ላይ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይደረጋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ገንዘብም ይፈልጋል። ለአንድ የጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር እንደ ጨረቃ የራቀ ነገር ነው።

እንግዲህ ካሜራ ያለው ስልክ በየሰው ኪስ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። በወደቡ የሚዝናናው፣ በጀልባ የሚንሸራሸረው፣ ሠርግ ሊያከብር ሐይቅ ዳር የወረደው ሁሉ ወፍ ያነሣል፤ ያነሣውንም በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ይለቀዋል። ለደስታው ብሎ ነው እንጂ ለምርምር ብሎ አይደለም። ሆኖም ከእነዚያ ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ላይ ወፏ ዓሣ በመንቁሯ ይዛ ትገኛለች። ተመራማሪዎች እነዚህን ለቅመው የምግብ መዝገብ ማዘጋጀት ጀመሩ።

ከምናውቃቸው ምሳሌዎች በጣም የሚያስደስተው የእንግሊዞቹ ነው። ፓፊን የምትባል፣ መንቁሯ በቀለማት ያሸበረቀ ትንሽ የባሕር ወፍ አለች። ይህች ወፍ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀጫጭን ዓሦችን በመንቁሯ ደርድራ ወደ ጫጩቷ ትበራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ሕዝቡን «ዓሣ የያዘች ፓፊን ያነሣችሁ ሁሉ ላኩልን» ብሎ ጠየቀ። 602 ሰዎች 1,402 ፎቶግራፎች ላኩ። ከእነዚያም ሥዕሎች ላይ የዓሦቹ ዓይነትና መጠን ተለየ። ወፎቹ በተመናመኑባቸው በሰሜኑ ደሴቶች አካባቢ ጫጩቶቹ የሚመጣላቸው ዓሣ ትንንሽ መሆኑም ታየ። ይህ በእርግጥ የመራቢያ ወቅት ሥራ ነው፤ ሥዕሎቹም ተጠይቀው የመጡ ናቸው። ነገር ግን ተራ ሰው ያነሣው ፎቶግራፍ ለቁም ነገር እንደሚበቃ አሳይቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአህጉራችን ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ፊት ለፊት የምትገኘውን ሮበን ደሴትን አንባቢዎቻችን ኔልሰን ማንዴላ በታሰሩባትነቷ ያውቋታል። ከዚያ በፊትም ሆላንዶች ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች በግዞት ያመጧቸው ሙስሊም አባቶች የታሰሩባት ቦታ ናት፤ እስከ ዛሬም ከእነርሱ የአንዱ መታሰቢያ የሆነ ቁባ ቆሞባታል። በዚህችው ደሴት ዳቪዴ ጋሊዮ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጉትያ ያላቸውን የባሕር ወፎች ወደ ጎጆ ሲመለሱ በካሜራ እያነሡ ምን እንደያዙ መዘገቡ፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ወፎቹን አልያዟቸውም፣ አልነኳቸውም።

ከእነርሱ የተማርነው አንድ ቀላል ብልሃት አለ፤ የዓሣውን ርዝመት በወፏ መንቁር መለካት ነው። የመንቁሯ ርዝመት አስቀድሞ ይታወቃል። ለምሳሌ የሲጋሏ መንቁር አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንና ዓሣው በሥዕሉ ላይ የመንቁሯን ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ ዓሣው አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህን ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ጋር በማስመሪያ ሞክረነዋል፤ የምጥጥን ትምህርት እንዲህ ባለ ነገር ሲሰጥ ክፍሉ አያንቀላፋም።

ሦስተኛው ማርሻል የሚባለውን ትልቅ የአፍሪካ ንስር የሚመለከት ነው፤ ይህ ንስር በአገራችንም ይገኛል። ቪንሰንት ናውዴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ወፉን ራሳቸው አላነሡም። በኢንተርኔት ላይ ሰዎች የለቀቋቸውን የንስሩን ፎቶግራፎች ከመላው አፍሪካ ሰበሰቡ እንጂ። ከተሰበሰበው ክምር ውስጥ ንስሩ ያደነውን ይዞ የታየባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። በእነዚያ ጥቂቶች ግን አጥቢ እንስሳም፣ ወፍም፣ አርጃኖን የመሰለ ተሳቢም ተገኘ። አንድ ተመራማሪ ዕድሜ ልኩን ቢዞር የማይደርስበትን ቦታ የማይተዋወቁ ሰዎች ካሜራ ደረሰበት።

እዚህ ላይ ከደስታችን ቆም ማለት ይገባናል።

በልጅነታችን በመድረሳ ሐዲስ ስንቀራ ሸሆቻችን አጥብቀው የሚነግሩን ነገር ነበር። አንድ ወሬ ሲቀርብ የወሬው ይዘት ከመመዘኑ በፊት ሰንሰለቱ ይመረመራል። ማን ከማን ሰማ? ተገናኝተዋል? አስተላላፊው ታማኝ ነው? ኢስናድ የሚባለው ይኸው ነው። ወሬውን ሃያ ሰው ቢያወራው እንኳ ሃያዎቹ ሁሉ ከአንድ ሰው የሰሙት ከሆነ ምንጩ ያው አንድ ነው። በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ስለ ሳይንሳዊ ማስረጃ ስንማር፣ ይህንን ትምህርት ሌላ ልብስ ለብሶ ያገኘነው መስሎን ነበር።

የተማሪያችን ፎቶግራፍ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምን ይሆናል? ልጁን «ከማን አገኘኸው?» አልነው፤ ከጓደኛው። ጓደኛው ከአንድ የቴሌግራም ቻናል። ቻናሉ ከሌላ ቻናል። ከዚያ ወዲያ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሥዕሉ የጣና ይሁን የዝዋይ፣ ወይም ከነጭራሹ የሌላ አገር፣ የሚናገር የለም። ያንኑ ሥዕል በሌሎች ሦስት ገጾች ላይ አገኘነው፤ አንደኛው «ሐዋሳ» ይለዋል። ሳያጣራ የሚቆጥር ሰው አራት ወፍ አራት ዓሣ በላች ብሎ ይጽፍ ነበር።

ስልክ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን፣ በሥዕሉ ውስጥ ደብቆ ያስቀምጣል። ነገር ግን ሥዕሉ በፌስቡክ ሲለቀቅ ወይም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያ መረጃ ይራገፋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ከተላከ ግን አብሮ ይሄዳል። ይህን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኛም ያወቅነው ከተማሪ ነው።

የሰዓት ነገርም አለ። የእኛ ሰው ከሥዕሉ ሥር «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፤ ፈረንጁ ሌሊት ሦስት ሰዓት ነው ብሎ ይመዘግበዋል። «ጥር 2015» ብንል የስምንት ዓመት ስሕተት እንከታለን። ይህን የምናነሣው ለቀልድ አይደለም። ወፏ የምትመገበው ንጋት ላይ ነው ወይስ ጨለማ ሲሆን የሚለው ከጥያቄዎቹ አንዱ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሥዕሉ የሚያሳየው ሳይሆን የማያሳየው ነው። ትልቅ ዓሣ የያዘች ወፍ ለመዋጥ ትታገላለች፤ አንገቷን ትወዘውዛለች፤ ሌሎች ወፎች ሊነጥቋት ያሳድዷታል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ደረሰ ማለት ነው። አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ የዋጠችው ወፍ ግን ማንም ሳያያት አልቃለች። ስለዚህ ሥዕሎቹን ብቻ ያየ ሰው ወፎች ትላልቅ ዓሣ ብቻ የሚበሉ ይመስለዋል። እንደዚሁም ሰው የሚያነሣው ሰው ባለበት ነው። በባሕር ዳር ዓሣ በሚገፈፍበት ዳርቻ ፔሊካኖች የሚጣለውን ጭንቅላትና አንጀት ለመጠባበቅ ይሰበሰባሉ፤ ቱሪስቱም የሚያነሣቸው እዚያው ነው። አንዳንዱም ጥሩ ሥዕል ለማግኘት ብሎ ራሱ ዓሣ ይወረውርላቸዋል። ከደንገሉ ማዶ ጭው ባለው ውኃ ላይ ያለው ወፍ ካሜራ አያውቅም።

በእኛ ክልል ደግሞ ሌላ ጉድለት ተጨመረ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ቱሪስት ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ መንገዱም አስጊ ሆነ። አንድ ሰው በውጭ አገር ተቀምጦ የጣናን ወፎች ሥዕል በዓመት በዓመት ቢቆጥር፣ በእነዚያ ወራት ወፎቹ የጠፉ ይመስለዋል። የጠፋው ሥዕሉ ነው። ወፎቹ መጥተዋል፣ ዓሣቸውንም በልተዋል፤ እኛ በቤታችን ሆነን ሌላ ሌላውን ስናስብ እነርሱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር ፈጥሮ የሚሠራው ሥዕል መጥቷል። ካሜራ ያልነካት፣ በየትኛውም ውኃ ላይ ያልበረረች ወፍ፣ ላባዋ ሳይቀር ተቆጥሮ ይታያል። ባለቤቱ የማይታወቅ ሥዕል ከእንግዲህ ጨርሶ ለምስክርነት ሊቀርብ አይገባውም የምንለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወፍን ያለ በቂ ምስክር መፍረድ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ታሪክ ከደጋችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ወጣ ብለን እንንገራችሁ። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሄደ ሰው በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ጅራቱ እንደ ጦር ጫፍ የሆነ፣ ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም ያለው ትልቅ አሞራ ሲያንዣብብ ሳያይ አይቀርም። አጥንት ሰባሪው አሞራ ነው። ዋና ምግቡ አጥንት ነው። ትልቅ ሲሆንበት ወደ ሰማይ ይዞት ወጥቶ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ተሰባብሮ ሲያገኘው ወርዶ ይውጠዋል። በዓረፋ ሰሞን ከየቤቱ የሚወጣው አጥንት ለእርሱም ዒድ ነው።

የአውሮፓ ሰዎች ግን ይህንኑ ወፍ «የበግ ግልገል ነጣቂ» ብለው ሰየሙት። ግልገል ይዞ ሲበር አየሁ ያለ ሰው ወሬ ከመንደር መንደር ተዛመተ፤ ሕፃንም ይወስዳል ተባለ። ለገዳዩ ሽልማት ይሰጥ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአልፕስ ተራሮች አንድም ሳይቀር ተጨረሰ። ሊቃውንት የሚበላው አጥንት መሆኑን በትክክል አጥንተው፣ ከመካነ አራዊት እያራቡ ወደ ተራራው መመለስ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የእኛ ደገኛ ስለ ወፉ ያነበበው ነገር ሳይኖር ለዘመናት አብሮት ኖሯል። አጥንቱን ከደጁ ሲያነሣለት ስለሚያየው መሰለን።

ወደ ጎርጎራው አዛውንት እንመለስ። ክሳቸው እንዲያው የሚጣል አይደለም። አንድ ነጭ ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓሣ ይበላል። መቶ ፔሊካን በአንድ ሰላጤ ቢሰፍር በቀን አንድ ኩንታል ነው። በደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው ይህን ቢቆጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ አንድ ኪሎ ምንድን ነው? ገበያ የሚወጣው ቀረሶና አምባዛ ነው? ማንም የማይገዛው ትንንሽ ዓሣ ነው? ወይስ ተገፍፎ የተጣለ ጭንቅላት ነው? በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት የክሱ ልዩነት ነው።

ስለ ጣና ዓሣ መመናመን በጥናት የታወቀው ደግሞ ወደ ሌላ ያመለክታል። በጣና በዓለም ላይ በሌላ በየትም የማይገኙ 15 የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ በሐይቁ ተጀመረ። የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን፣ የግልገሎቹ ደግሞ ከዚያም ብሶ ዘጠና በመቶ ገደማ መቀነሱን መዝግበዋል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወራት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ እናቲቱ ከነዕንቁላሏ ትያዛለች። ዋሴ አንተነህ፣ አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀን በመገጭና በድርማ ወንዞች ያደረጉት ጥናት ዓሦቹ ወደ እነዚህም ወንዞች እንደሚወጡ አሳይቷል። መገጭ የእኛው የጎንደር ወንዝ ነው። ከከተማችን ዳር የሚነሣው ውኃ የዓሣው ማዋለጃ ነው ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ አዋጁ ከመጽሐፉ ወጥቶ የወንዝ አፍ ድረስ መውረዱን ግን አንባቢ ይፍረድ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭ ደግሞ ዓሣ የሚያድግበትን የዳርቻ ውኃ በደንቢያ በኩል ሸፈነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ከተማሪዎቻችን ጋር አንድ ሥራ ጀመርን። በጣና ላይ ወፍ ያነሡ ዘመዶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ጠይቀው፣ ወፏ ምግብ የያዘችበትን ሥዕል ብቻ እንዲያመጡ ነገርናቸው። ደንባችን አጭር ነበር። ያነሣው ሰው መታወቅ አለበት፤ ቀኑና ቦታው ከራሱ አንደበት መነገር አለበት፤ ፈቃዱም መጠየቅ አለበት፤ ሥዕል አማና ነውና። ከወፏ ኋላ የሰው ሚስት ወይም የሰው ልጅ ቆሞ ከሆነ ያ ክፍል ይቆረጣል። የወፍ ጎጆ የሚያሳይ ሥዕል ቦታው እንዳይነገር፤ ዕንቁላል የሚለቅም ልጅ አይጠፋምና። ሰንሰለቱ የተበጠሰውን ሁሉ፣ የዚያን የመጀመሪያውን ልጅ ሥዕል ጨምሮ፣ ለየብቻ አስቀመጥነው። ልጁ ትንሽ ተቀየመን።

የቀረው ብዙ አልነበረም። አብዛኛው ከዓሣ መግፈፊያ አጠገብ የተነሣ ሆኖ፣ ወፉ የያዘው ጭንቅላት ወይም አከርካሪ ነው። ጥቂቶቹ ሙሉ ዓሣ ያሳያሉ። የዓሣውን ዓይነት ለመለየት ግን እኛ መጽሐፍ ይዘን ስንዳክር ዋልን፤ በመጨረሻ ሥዕሎቹን አትመን ወደ ጎርጎራ ወሰድናቸው።

አዛውንቱ ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ተቀበሉን። «ይኼ አምባዛ ነው፤ ጢሙን አታዩም? ይኼ ቀረሶ። ይኼ ጭንቅላት ነው፣ ውሻም ይበላዋል።» በአንዱ ላይ ቆዩ። ቀረሶ ነው፤ ከክንፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነገር ተንጠልጥላለች። እኛ የሣር ጭረት መስሎን ነበር።

«ይኼ የመረብ ክር ነው» አሉ። «ከመረብ ላይ ነው የነጠቀው። ሲነጥቅም ቀዶ ነው የሄደው። ይኸውላችሁ መምህር፣ ሌባ ነው አላልኩም?»

«አባባ፣ የቀሩት ግን አብዛኞቹ የተጣለ ጭንቅላት ናቸው።»

«በቀን ያነሣችሁት ነዋ። ሌሊት የሚሆነውን ማን ፎቶ አነሣው? እናንተ ተኝታችሁ ነው፤ እኔ ነኝ እዚያ ያለሁት።»

እኛ ሁለት ሳምንት ስንለፋበት የነበረውን ጉድለት እርሳቸው በአንድ አረፍተ ነገር ተናገሩት። የምንለው ስናጣ ተማሪያችን ሣቀ። እርሳቸውም ሣቁና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅቱ ስልክ አላት።

«ነገ መረቡን ሳወጣ ካጠገቤ ነይና አንሺ። የበላውንም ያልበላውንም። ቀኑንም ሰዓቱንም ጻፊ ነው የሚሉት።»

«ሰዓቱን» አለች ልጅቱ ወደኛ እያየች፣ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»